እጄ ያልረሳው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር አቅራቢያ ኮሶዬ ላይ የክረምት ጉም ከቀትር በኋላ መንደሩን ሲውጠው፣ እኛ ልጆች የአባቴን ታላቅ ወንድም አያ ጥሩነህን ከብበን ምድጃው ዳር እንቀመጥ ነበር። ያኔ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ ፊቱን ከታች እያቀላው፣ አያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር ትንፋሻችንን እንውጣለን። ሸጋ ተረት ነጋሪ ነበር። የሚወደን ሰውም ነበር፤ ልወቅሰው የሚቸግረኝ ለዚህ ነው።

ደጋግሞ የሚነግረን የጅቧን ተረት ነበር። አንድ ገበሬ፣ በግ ልትነጥቅ የመጣች ጅብ ግራ እግሯን በጦር ይወጋታል። በማግስቱ ታች ሰፈር ያለችው ሸክላ ሠሪ በግራ እግሯ እያነከሰች ትታያለች። ተረቱ ይኸው ነው። ክፋቱ ግን እኛም ታች ሰፈር እውነተኛ ሸክላ ሠሪ ነበረችን፤ በግራ እግሯም ታነክሳለች። ከቤተ እስራኤል ወገን ነበረች። ዘመዶቿ ቀድመዋት እስራኤል ሄደው እሷ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

«አያ፣ ታዲያ እሷ በሠራችው እንስራ ምነው ውሃ እንጠጣለን?» አልሁት አንድ ቀን።

«እንስራውንማ እሳት አጥርቶታል» አለኝ። «ሰውን ግን እሳት አያጠራውም። ስታይሽ ፊትሽን አዙሪ።»

አዞርሁ። እስክትሄድ ድረስ መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ፊቴን አዞርሁ። ሸክላ ስትተኩስ እሳት እግሯን በልቷት እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከሄደች በኋላ ነው።

አደግሁ፣ ተማርሁ፤ ጎንደር ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ሆንሁ። በየዓመቱ ስለ አንጎል ሳስተምር «ዓይን ብቻውን አያይም፤ ረሳነው ያልነው ነገር ከውስጥ ሆኖ ምን እንደምናይ ይነግረዋል» እላለሁ። ተማሪዎቼም ይጽፋሉ። የአያን ተረት ምሳሌ አድርጌ ነግሬያቸው አብረን የሳቅንበት ጊዜም አለ።

ባለፈው ዓመት እኔ ከምኖርበት ግቢ እማማ ዘውዴ የሚባሉ ብቸኛ አሮጊት አንዲት ክፍል ተከራዩ። የሸክላ ምድጃ ይሸጣሉ። ትንሽ ያነክሳሉ። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይመርቁኛል። በልቤ ምንም ያለ አልመሰለኝም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአራት ዓመት ልጄን ሶስናን የበረንዳው ደረጃ አንሸራተታት። ከታች የነበሩት እማማ ዘውዴ እጃቸውን ዘርግተው ቀለቧት። እኔ ያየሁት ግን እሱን አይደለም። ልጄ ላይ የተከፈተ የጅብ አፍ ነው ያየሁት። ዘልዬ ክንዷን ይዤ በኃይል መነጨቅኋትና «አትንኪያት!» ብዬ ጮህሁ። አንቱታው እንኳ የት እንደገባ አላውቅም። የሶስና ክንድ እጄ ውስጥ ቀጭ ሲል ተሰማኝ።

«ምነው ልጄ? ልትወድቅ ስትል እኮ ነው የያዝኋት» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ባዶ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ በራቸው ላይ ቆሜ ይቅርታ ለመንኋቸው። ደንግጬ ነው አልኋቸው።

«ድንጋጤ አይደለም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ያን ዓይን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። የተማረ ሰው ላይ ሳየው ግን ይብስብኛል።»

የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። መጠየቁ ራሱ ሌላ በደል መሰለኝ።

ክንዷ ድኗል። ጀሶው በወጣ ሰሞን እማማ ዘውዴ በራቸው ላይ ተቀምጠው ለሶስና እፍኝ ቆሎ ሲዘረጉላት አየሁ። ልጄ እጃቸውን አየች፤ ከዚያ እየሮጠች መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። እሳቸው ቆሎውን ወደ ሰፌዱ መልሰው ገቡ። በወሩ ግቢውን ለቀቁ፤ ወዴት እንደሄዱም ለማንም አልተናገሩም።

ለሶስና ያን ተረት አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። አያ ጥሩነህ ያን ክፋት ያወረሰኝ በቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ ሰው ሲያድግ አንስቶ ይመረምረዋል፣ ውሸት ነው ይላል፣ ቢሻው ይስቅበታል። እኔ ለልጄ ያወረስኋት ግን ቃል የለውም። ስታድግ ውሸት ነው የምትለው ተረት እንኳ አልተውሁላትም።