«አፈር አያስፈልግዎትም» የተባለችው ባሂራ

ባሂራ ቡታጅራ ዳር የበርበሬና የጎመን ችግኝ እያፈላች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። እስከ እንሴኖ ድረስ በርበሬ የሚተክል ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእሷን ችግኝ ነበር። ከዚያ ከተማው ሰፋና ማሳዋን መንገድና ግንብ ዋጠው። የቀራት ጠጠር የተደፋበት ጓሮ ነው፤ እንኳን በርበሬ እሾህም አያበቅል።

ግሩም የሚባለው የግብርና ባለሙያ ደጇ የመጣው ያኔ ነው። ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ጫማ ተጫምቷል።

«እትዬ ባሂራ፣ ከእንግዲህ አፈር አያስፈልግዎትም። ሰላጣ በውሃ ብቻ ይበቅላል። ማዳበሪያው እዚያው ውስጥ ይሟሟል።»

«እንዲህ ነው?» አለችው። «ይህን ያወቃችሁት አፈሬን ከመውሰዳችሁ በፊት ነው፣ ከወሰዳችሁ በኋላ?»

ግሩም ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ግሩም ወደሚሰጠው ሥልጠና ግን ሄደች፤ አምናበት ሳይሆን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሰልችቷት። የግሩም መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነጫጭ ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ ሞተር ውሃ ያዞርባቸዋል፤ በየቀዳዳው ሰላጣ ተሰክቷል። ባሂራ አንዱን መዝዛ የገረጣ ሥሩን አየች።

«ይሄ ተክል አይደለም፤ ግሉኮስ የተሰካለት በሽተኛ ነው። መብራት ሲጠፋስ?»

«አይጠፋም። ልዩ መስመር ተስቦልናል» አለ ግሩም።

ባሂራ ዕድሜዋን ቡታጅራ ስትኖር መብራት ያልጠፋበት ሳምንት አታስታውስም። የመዘዘችውን ሰላጣ ቀዳዳው ውስጥ መልሳ ሰካችው።

ቤቷ ስትመለስ ቱቦም ሞተርም አላሰኛትም። አሮጌ የዘይት ጄሪካኖች በሳች፤ ፀሐይ እንዳይገባ በጥቁር ላስቲክ ጠቀለለች፤ ማዳበሪያ የሟሟበትን ውሃ ሞልታ የሰላጣ ችግኝ ሰካች። ሁለት ጊዜ ሥሩ በሰበሰባት። በሦስተኛው ውሃውን አጎደለችና ለሥሩ መተንፈሻ ተወችለት፤ ያዘ። ይህን የነገራት ሰው የለም።

የመሥሪያ ቤቱን ሰላጣ የሚጎበኙ እንግዶች ከወልቂጤና ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ፣ ቱቦው ደረቀ፣ የግሩም ሰላጣ በቀትር ፀሐይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፈለፈ። ባሂራ በጄሪካን ሰላጣ ታበቅላለች ሲባል የሰማው ግሩም እየሮጠ ጓሮዋ ሲደርስ ጄሪካኖቹ ላይ ሰላጣው ለምልሟል።

«እንግዶቹን እዚህ ላምጣቸው?» አላት ላቡን እየጠረገ።

«አምጣቸው። ግን አትቀባጥር።»

ቀባጠረ። እንግዶቹ ፊት ቆሞ «ይህ የእኛ መሥሪያ ቤት ያዳበረው አሠራር ነው» አለ። ባሂራ አስጨረሰችውና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጄ፣ የናንተማ እዚያ ግቢያችሁ ሞቶ ተጋድሟል። ምነው ደበቅኸው?»

እንግዶቹ እንይ አሉ፤ ሄደው አዩ። ግሩም ጫማው ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ባሂራ ዞሮ «እርስዎስ፣ ሥራውን ወደዱት?» ብሎ ጠየቃት።

«ይሄን ሣር? ሆቴሎች ይውሰዱት እንጂ እኔስ አልበላውም። እኔ የበርበሬ ሰው ነኝ። መሬት ስጡኝ።»

ሰውዬው በማስታወሻው ጻፈ። በመጻፍስ ማን ያህላቸዋል! መሬቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጓሮ ያጡ ጎረቤቶቿ ግን ጄሪካን አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ባሂራም ሰላጣውንም እነሱንም እየተሳደበች ታስተምራቸዋለች።