ጾም እንጂ አድማ አይደለም

ፖሊሱ እጄን ወደ ኋላ ሲያስረኝ «ይቅርታ፣ አባት» አለኝ። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጠን የተያዝን ሾፌሮች ብዙ ነበርን። የምንነዳለት የታክሲ ኩባንያ የማንንም ቃል ሳይሰማ፣ ተሳፋሪ የምናገኝበትን የስልክ አፕ ሎክ አድርጎ እየዘጋ ሰውን ከሥራ ያስወጣ ነበር።

እንቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት፤ የቀረውን ተሳፋሪ ስጠብቅ መኪና ውስጥ አነበብኩት። በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ሕዝቦች ጠመንጃ ሳያነሱ፣ «አንታዘዝም» ብለው እስር ቤቱን እየሞሉ ገዢዎቻቸውን እንዴት እንዳስወጡ ለሾፌሮቹ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ቃልም ተገባብተናል፤ አንማታም፣ አንሸሽም፣ ሁላችንም ሳንፈታ ማንም አይወጣም።

በስደት በምንኖርባት በኦሮራ ከተማ እስር ቤት ያስገቡን ክፍል አግዳሚው ብረት ነው፤ ይቀዘቅዛል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ዐቢይ ጾም። አንዲት ጠባቂ የሥጋ ሳንድዊች አደለችን። የማይጾሙትም ይሉኝታ ይዟቸው አልነኩትም።

ተመልሳ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «የረሃብ አድማ ነው?»

አጠገቤ ያለው ወጣት ሾፌር በክርኑ ጎሰመኝ። «ጋሼ፣ አዎ ይበሏት! ይደነግጣሉ። ማታ ዜና ላይ ነን።»

«አይደለም» አልኳት። «ጾም ነው።»

«በእጃችን የገባውን መሣሪያ ጣሉት እኮ!» አለኝ ወጣቱ።

«ያለ መሣሪያ ነው የመጣነው።»

«እርስዎ ደግሞ ስብከት አያልቅብዎትም!» ሲል ሌሎቹ ሳቁ።

ጠባቂዋ አለቃዋን ይዛ ተመለሰች። አለቃው ወደ እኔ ጠቆመ። «ትልቅ ሰው ነህ። ልልቀቅህ፤ ቤትህ ሄደህ ብላ።»

ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ልጄ ውጭ ፓርክ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ግን እኔ ከወጣሁ ቃላችን እዚያው ያበቃል።

«ከእነሱ ጋር እወጣለሁ» አልኩት።

«አንተስ?» አለው ወጣቱን።

«እኔ አልጾምም፤ ርቦኛል። ሚስቴም ትጮህብኛለች። ግን ከጋሼ በፊት አልወጣም።»

ሌሎቹም እንደዚያው መለሱለት። ለያይተው ማስወጣት ሲያቅታቸው፣ ሲመሽ በሩ ለሁላችንም ተከፈተ። አግዳሚውን ጠራርገን፣ ያልተበላውን ሰብስበን ለጠባቂዋ አስረክበን ወጣን።

ብዙ ጊዜ ቢፈጅም፣ ዛሬ ኩባንያው ሾፌሩን ሳይሰማ አፑን ሎክ አያደርግም። ወጣቱ ግን ያኔ ዜና ላይ ብንወጣ ፈጥነን እናሸንፍ ነበር ይለኛል። ምናልባት ልክ ነው። እኔ የምኮራው በመታሰሬ አይደለም፤ በባዶ ሆዳችን እንኳ ሳንዋሽ፣ አንድ ሰው ሳናስቀር አብረን በመውጣታችን ነው።