ሾፌሩና ዝምተኛው ሰርቨር

የእህቴ ባል የማሽንን ጤንነት የሚያውቀው በጆሮው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክምበት ጡረታ ወጣ እንጂ ጆሮውስ እንደ ጥንቱ ነው። ማቀዝቀዣው ካጉረመረመ ከመኝታ ቤት ሆኖ በሽታውን ይናገራል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የምኖረውም ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ሳስተካክል የመቁረጫዬን ድምፅ ከሳሎን ሰምቶ "ምላጩ ደንዟል፣ ሰው እንዳትነጭ!" ብሎ ቢጮህ፣ ሰውዬው በግማሽ ራሱ ተነስቶ ሊሄድብኝ ነበር። የሕንፃችን ሰው "ሾፌሩ" ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ግን እሱነቱ ጠፍቶ ነበር። በማለዳ ተነስቶ ይለብሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ የሚሄድበት የለውም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እግሩ በባዶው ፍሬን ሲረግጥ ሳየው አንጀቴን ይበላው ነበር። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። የሚያውቅ ጠይቆ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ፣ ሰርቨር አደረገው። ፊልሙን፣ ፎቶውን፣ ትምህርቱን አጠራቅሞ ይይዛል፤ የሕንፃው ሰው ደግሞ በየቤቱ ቁጭ ብሎ የፈለገውን በስልኩ ያያል። ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ለማሽኑ ሰጠና በሯ ላይ ወንበር አደረገ። የጎረቤት ልጆች ካርቱን ሲከፍቱ፣ ተማሪዎች መጽሐፍ ሲያወርዱ፣ ማሽኑ ማቃሰት ይጀምራል፤ ያኔ ጋሼ ፊቱ ፈክቶ "ዛሬ ተሳፋሪ በዝቷል" ይላል።

የተከፋችው እህቴ ናት። "የእኔ ባልዲና መጥረጊያ ሜዳ ወድቆ የጎረቤት ልጅ ካርቱን ይይ! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

እንዲህ እየተባለ ማሽኑ አረጀ። ማቃሰቱ ማጓራት ሆነ፤ ከማጓራቱ መሃል ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር መጣ። ጋሼ ይህን የሰማ ዕለት ፊቱ ጠቆረ። "ዲስኩ ነው። መንገድ ላይ የሚጥል ድምፅ ነው ይሄ" አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ካርቱን ቀረ ብለን በተውነው ነበር። ግን ምድር ቤት የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ልጅ አለች፤ ፊልም ነው የምትማረው። ላፕቶፗን መንገድ ላይ ነጥቀዋት፣ ለመመረቂያዋ የሠራችው ፊልም የቀረው እዚህ የሚያጓራው ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ግዙፍ ስለሆነ በፍላሽ የሚቋጠር አይደለም። ሰኞ ጠዋት አስተማሪዎቿ ፊት ካላሳየች ዓመቱን ትደግማለች። በሩ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ ሌላ ቦታ የለኝም እኮ" አለችው።

"አይዞሽ ልጄ። ሾፌር ተሳፋሪውን ሜዳ ላይ አያወርድም።"

በነጋታው ይዞኝ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄድን። ሁልጊዜ ብሎን በከንፈሯ ይዛ ስለምትሠራ እሜቴ ብሎን ይሏታል። አዲስ ዕቃ ለእኛ የሚቀመስ አይደለም፤ እሷ ግን ቢሮዎች ሲቀይሩ ያወጡትን ታመጣለች። የጫማ ካርቶን የማታህል ጥቁር ኮምፒውተር አወጣች፤ ሚሞሪ ጨመረችባት፣ ሰፊ ዲስክ ገጠመችላት፣ እኛው እያየን ሞከረቻት። ጋሼ ጆሮውን ለጠፈባት።

"አትሠራም" አለ።

"እየሠራች ነው፣ ጋሼ። ውስጧ የሚዞር ነገር የለም። ማራገቢያዋም ካልጋለች አይነሳም።"

"ድምፅ የሌለው ሞተር አላምንም።"

"እንግዲያው ማመን ይልመዱ!"

ከፍሎ ወጣ፤ ግን መንገዱን ሙሉ ሳጥኗን ወደ ጆሮው እያስጠጋ ይነቀንቃት ነበር። እኔም በልቤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩ።

ቤት ገብተን አዲሷን ከአሮጌው አጠገብ አስቀመጥን፣ በኬብል አገናኘናቸው፣ ቴሌቪዥኑን እንደ ስክሪን ተጠቅመን ሁሉንም ቅጂ ብለን አዘዝናት። መቅዳት ስትጀምር አብራን የምትኖረው እናቴ የተከታታይ ድራማዋ ሰዓት ደርሶ ኖሮ ቴሌቪዥኗን መልሳ ወሰደች። ያለ ስክሪንም ትቀዳለች አልንና ተውናት። እናቴ ድራማዋ ሲያልቅ መጥታ አየቻትና "ምነው ራቁቷን?" ብላ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰቻት። ዳንቴሉ በፊት ለፊቷ ወርዶ ቁልፏንም፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህለውን መብራቷንም ሸፈነ።

እንግዲህ አስቡት። አሮጌው ያጓራል፤ አዲሷ አጠገቡ እንደ ሬሳ ጭጭ ብላለች። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ገጥሞ ሲያይ መቅዳቱ መሃል ላይ ተቋርጧል። እንደገና አስጀመረ። ከቁርስ በኋላ ቢያይ እንደገና ተቋርጧል። አሁንም አስጀመረ፤ አሁንም ያው። በእያንዳንዱ ሙከራ የአሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭታ ይብስበታል። ጋሼ ምግብ ዘጋው። ልጅቷ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ደረሰች፤ ፊቱን አየችና ተመልሳ ወረደች። ይህኔ ቅስሙ ተሰበረ።

"ሸውዳኛለች!" ብሎ ኮቱን አነሳ። ተከትዬው ሮጥኩ።

እሜቴ ብሎን ስድቡን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ብሎኑን ከከንፈሯ አወጣች። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ጋሼ። ዕቃዬን አይደለም፣ እኔን ነው የናቁኝ። ይምሩኝ!" አለችና ሱቋን ዘግታ ወጣች።

ቤት ገብታ ቴሌቪዥኑን ገጠመች፣ አንድ ሁለት ነገር ነካካች፣ አነበበች። "ይቺ ማሽን አልታመመችም። ቁልፏን ተጭነው ነው ያጠፏት። በጣት!"

ጋሼ ዞር ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ አየ። እህቴ ሳህን ታጥባለች። ዕቃ ቤቷን ፈልጋ ነው ብሎ እንዳሰበ ገባኝ። እንደዚያ ተጎድቶ አይቼው አላውቅም።

"እንደገና አስጀምሬያታለሁ" አለች እሜቴ ብሎን። "አሁን ዝም ብለን እንይ።" የሳሎኑን በር ገርበብ አድርገን ሦስታችንም ተደበቅን። በዚህ ዕድሜው ከአማቹና ከባለሱቅ ጋር በር ሥር የተደበቀ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ እናቴ መጣች። ጎንበስ አለች፣ ጆሮዋን ዳንቴሉ ላይ አደረገች፣ ከንፈሯን መጠጠች። "ምስኪን፣ አሁንም ተኝታለች" አለችና በዳንቴሉ ላይ ቁልፏን ጫን አድርጋ ሄደች። ጋሼ ሊጮህ ሲል እሜቴ ብሎን እጁን ያዘችው።

ቀጥላ እህቴ መጥረጊያ ይዛ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ አየች። እሷም ጆሮዋን አስጠጋች።

"ኧረ ተነሺ በሞቴ!" አለች ቀስ ብላ። "ሰውዬው በአንቺ የተነሳ እህል አልቀመሰም። ተነሺለት!" ቁልፏን ተጫነች።

ጋሼ በሩን በርግዶ ወጣ። "አንቺ ነሽ?"

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። "ምን አጠፋሁ? ሞታ ሳያት ላስነሳልህ ብዬ ነው! ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ስቀሰቅስልህ ነው የዋልኩት!"

"እኔም እኮ" አለች እናቴ ከኮሪደሩ ጥግ። "ዝም ስትል ታሳዝነኛለች።"

እሜቴ ብሎን ግንባሯን ያዘች። "በሕይወት ያለችውን ስትጫኗት እኮ ነው የምትተኛው! አንዱ ያስተኛታል፣ ሌላው ይቀሰቅሳታል…" ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች። "እርስዎስ? አልነኳትም?"

ጋሼ ጣሪያውን አየ። "እ… ጠዋት፣ ቴሌቪዥኑን ከማምጣቴ በፊት… ድምፅ ስትነሳኝ… ከቁርስ በኋላም…"

እሜቴ ብሎን ሳቀች፣ እናቴ ሳቀች፣ እኔማ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ግን አልሳቀም። እህቴ አጠገብ ሄዶ መጥረጊያውን አነሳና ሰጣት። "እኔ እኮ… ሌላ ነገር ጠርጥሬሽ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። ዓይንህን አይቼዋለሁ" አለች። "አሁን ዞር በል፣ ልጅቷን እንድረስላት።"

ዳንቴሉ ተነሳ። እሜቴ ብሎን ትንሿን መብራት አሳየችን፤ እሷ በራች ማለት ማሽኗ ሥራ ላይ ናት። አስጀመርናት። ጋሼ ወንበሩን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አድርጎ ዘብ ቆመ፤ ማንም በዚያ አያልፍም። አሮጌው ያጓራል፣ ቀጭ ይላል፣ ጋሼ ያበረታታዋል፦ "ይቺን ዳገት ብቻ! ይቺን ብቻ፣ ከዚያ ታርፋለህ!" እህቴ ምሳውንም እራቱንም እወንበሩ ድረስ አመጣችለት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ስንገጥም ሁሉም ነገር ተቀድቶ አልቋል።

ልብስ ሰፊዋና ልጇ በሩጫ መጡ። ፊልሙን ከፈትነው። የመጀመሪያው ነገር ጨለማ ነው፤ በጨለማው ውስጥ የእናቷ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ልጅቷ እንባዋ ይወርዳል። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና "ዘይት ይፈልጋል" አለ።

"አውቃለሁ!" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሰኞ ልጅቷ አዲሷን ማሽን ተሸክማ ሄዳ ፊልሙን አሳየችና አለፈች። ጋሼ አሮጌውን ማሽን በገዛ እጁ አጠፋው፤ ኮሪደሩ ጭር አለ። አዲሷ ትንሽ ስለሆነች የእህቴ ባልዲና መጥረጊያ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጋሼ ወረቀት ላይ በትልቁ "ዝም ብያለሁ እንጂ ሥራ ላይ ነኝ። አትንኩኝ" ብሎ ጽፎ ማሽኗ ላይ ለጠፈ። እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር፤ የሚያጓራለት፣ ተሳፋሪ በዝቷል የሚልበት ማሽን ከሌለ፣ እንደዚያን ሰሞን ሶፋው ላይ ይቀር ይሆን ብዬ። እሱ ግን አሁንም ያቺው ወንበር ላይ ይውላል፤ አንድ እጁን ሳጥኗ ላይ ጣል አድርጎ ሙቀቷን ያዳምጣል። የጎረቤት ልጆች ሲመጡ መብራቷን ያሳያቸዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት። ወረቀቱ ማሽኗ ላይ የለም። በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?" ብዬ ተጣራሁ።

እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ቀስ በል፣ ተሳፋሪ ጭኗል" አለችኝ።