ጃንጥላውን ተቀብዬ መዳኒቱን እንዴት ልማው

ይኸ የሆነው በኢህአዴግ ጊዜ ነው፤ ባጃጅ ፍኖተ ሰላም በገባ ሰሞን። ብዙ ነገር ዘንግቻለሁ፤ ይኸን ግን "እንዴት ነሽ" የሚለኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የምናገረውን የሚጥፈው የልጄ ልጅ ነው፤ ከራስህ እንዳትጨምርበት ብዬዋለሁ።

ደም ብዛት አለብሽ ተብዬ ነበር። ጎረቤቴ እናናም አለባት። እናናና እኔ አንድ አጥር የሚለየን፣ አንድ ማኅበር የምንጠጣ ነን። ስንፋቀርም ስንጣላም ጮክ ብለን ነው።

አንድ ቀን ከከተማ መኪና መጣና ደም ብዛት ያለብንን ሁሉ ቀበሌው ግቢ ሰበሰቡን። አዲስ መዳኒት ነው፣ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሆን እያጠናን ነው፣ በነጻ ትወስዳላችሁ፣ የሚያደርጋችሁን ብቻ ሳትደብቁ ንገሩን አሉ። ፈቃዳችንንም ጠየቁን። ነጻ ነገር ማን ይጠላል፣ እሽ አልን።

ከነሱ ጋር የመዳኒቱ ፋብሪካ የላከው ሰውዬ ነበር፤ ክራባት ያሰረ፣ ሳቂታ። ለያንዳንዳችን ቀይ ልብ የተሳለበት ጃንጥላ አደለን። እናና ጉልበቱን ልትስም ምንም አልቀራት።

ትንሽ እንደቆየሁ ሳል ያዘኝ። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የሌለው። ቅዳሴ ላይ ቄሱ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር እኔ ነኝ የምቀበላቸው። እናናን ደሞ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራት ጀመር።

ሰዎቹ ተመልሰው መጡ። የምትጠይቀን ሲስተር ናት፣ ፈረስ ቤት የሚባለው ከተማ ልጅ። መዳኒቱ ምን አደረገዎት አለችኝ። ሰውዬው አጠገቧ ቁሞ ይስቅልኛል። ጃንጥላው ጭኔ ላይ ነው። ሰው ስጦታ ተቀብሎ ሰጭውን ፊት ለፊት ያማል? ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን አልኋት። ሳልስ የለም ወይ ብትለኝ፣ እየሳልሁ የለም አልኋት። ጭስ ነው አልሁ። እናናም ግድግዳ ተደግፋ ደህና ነኝ አለች። ሰውዬው ደስ አለው።

እንደገና የሚመጡ ዕለት ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ አብጧል። ንብ ነድፋኝ ነው ብዬ ቀፎውን ረገምሁት። ንቦቹ ግን ገና ከቀፎ አልወጡም ነበር። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሄድሁ።

"እንዴት ነዎት እማማ?" አለች ሲስተር።

"ደህና ነኝ፣ ይመስገን" አልሁ በነጠላው ውስጥ።

ሰውዬው፣ ደህና ነኝ ካሉ ይበቃል፣ እንለፍ አላት። እሷ አየት አደረገችውና ወደ እናና ዞረች። እናናም ደህና ነኝ፣ ይመስገን አለቻት።

"ጎረቤትዎስ?" አለቻት።

እናና ይኸን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ተመቻችታ ተቀመጠች። "እሷማ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ውሻዬ ሌባ መጣ ብሎ አብሯት ሲጮህ ያድራል። ዛሬ ደሞ ከንፈሯ የበቅሎ ከንፈር አክሏል። ነጠላዋን ግለጭና እይው።"

የዚያን ሰዓት ደሜን ቢለኩኝ መሣሪያው ይሰበር ነበር። "አንቺስ? ምሰሶ አቅፈሽ አይደል የምትውይ? ትናንት እንቁላል ልይ ብለሽ ጎንበስ ስትይ፣ ቀና ስትይ ዙሮብሽ የታቀፈች ዶሮ ላይ አልወደቅሽም?"

"ዶሮዋ ተርፋለች" አለች እናና።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ነጠላዬን ገለጠችና ፊቷ ተለወጠ። ምላስዎን ያውጡ፣ መተንፈስ ይከብድዎታል ወይ አለችኝ። ያኔ ገና እውነቱን ተናገርሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ይኸን መዳኒት ከእንግዲህ እንዳይውጡት ብላ፣ ደግፋ እሰውዬው መኪና ውስጥ አስገባችኝ። ከሱ ጋር ተጎራብተን ተቀመጥን፤ መንገዱን ሙሉ ሳልሁበት።

"ምናልባት ንብ ይሆናል" አላት ከፊት ለተቀመጠችው ሲስተር።

አሳዘነኝ። "ሊሆን ይችላል" አልሁለት።

"እማማ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ" አለችኝ።

ሐኪም ቤት መርፌ ወጉኝና አስተኝተው ጠበቁኝ። እብጠቱ መዳኒቱ ያመጣው ነው፣ ጉሮሮዎን ጨርሶ ዘግቶት ቢሆን ማታን አያዩም ነበር አሉኝ። ፍርሃቱ የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ በይሉኝታ ልሞት ነበር።

ሲስተር ቀበሌ ተመልሳ ሁሉንም ስለ ጎረቤቱ ጠየቀች አሉ። ያገር ጉድ ወጣ። ስንት ጊዜ የታመቀው ባንድ ቀን ተዘረገፈ፤ አንዳንዱማ መዳኒቱ የማያውቀውን ሁሉ ተናገረ። ያን መዳኒት አስቁመው ድሮ የሚታወቀውን ሰጡን። ሳሉ ለቀቀኝ፤ እናናም ምሰሶዋን ለቀቀች።

ጃንጥላው እስካሁን አለ፤ ያፈሳል። እናናም አለች። በየማኅበሩ ያዳንኋት እኔ ነኝ እያለች ታወራለች፤ ባወራች ቁጥር ከንፈሬ ይተልቃል። በበቅሎ ጀምራ አሁን ግመል አድርሳዋለች። አልቆጣትም። ያን ቀን አፏን ብትይዝ እኔ ዛሬ ይኸን አላስጥፍም ነበር።

አሁንም ጤና ጣቢያ ስሄድ እንዴት ነዎት ካሉኝ ምላሴ ሌላ አያውቅም፤ ደህና ነኝ፣ ይመስገን ይላል። እኔ ግን ብቻዬን አልሄድም። እናናን ይዤ እሄድና፣ የቀረውን እሷን ጠይቋት እላቸዋለሁ።