ገዥ መሆን የፈለገው ዘበኛ

ቀናተኛ ሰው አይደለሁም እያልኩ ብዙ ዓመት አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ቴክሳስ፣ ኤርፖርት ሥር ባለችው ዩለስ ከተማ በነበረችኝ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ፣ በገዛ አክስቴ ልጅ ቀንቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያውም በእውነተኛ ነገር ቢሆን ጥሩ ነበር። የቀናሁት በጨዋታ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረን እሱን ሆነን እንናገራለን፤ አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይቆርጠዋል። ያመጣብን ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ ነበር፤ ከዶርም ልጆች ለምዶት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት አራት ሆነን እንሰበሰባለን፦ እሱ ዳኛ፣ ከካሮልተን የምትመጣ ነርስ፣ እኔ፣ እና የአክስቴ ልጅ። በጨዋታው ነርሷ ሽፍታ ነበረች። "ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳክም ነው የምውለው፤ እሑድ እንኳን ልዝረፍ እንጂ" ትላለች። እኔ የአንዲት ባለ ግንብ ከተማ የበር ዘበኛ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ በቅሎ ነጂ።

ልጁ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ኤርፖርት ወጥቼ የተቀበልኩት እኔ፣ ሶፋዬን የለቀቅሁለት እኔ፣ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያለ የሚከተለው እኔን። በመጀመሪያ ሳምንቱ አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ምሳ ጠርቶን ሄድን። ፈረንጁ "ትበላለህ?" ሲለው ልጁ "ኧረ በቃኝ" አለ። ፈረንጁ ሳህኑን አነሳው። ልጁ ጦሙን ዋለ። ስንመለስ መኪና ውስጥ እየሳቅሁ መከርኩት። "ስማ፣ እዚህ አገር በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚልህ የለም። አንዴ ነው የሚጠይቁህ። ከፈለግህ እፈልጋለሁ በል። አንተም ሰው ጠይቀህ አልፈልግም ካለህ፣ ኦኬ ብለህ እለፍ። አትጨቅጭቀው።" ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

መጀመሪያ ላይ ነጥብ የምናገኘው ጭራቅ በመግደል ነበር። አንድ እሑድ ዳኛው ባዶ ካርዶች ይዞ መጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ ለጭራቅ ነጥብ የለም" አለ። "ሶ፣ እያንዳንዳችሁ የሰውዬአችሁን የግል ምኞት ጻፉ። ወደ ምኞቱ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር የካርቶን ኮከብ እሰጠዋለሁ። ኮከብ ያለው ሰው ያልቀናውን ዳይስ ደግሞ መጣል ይችላል። ለራሱም፣ ለጓደኛውም።"

እኔ ምኞቴን አውቀዋለሁ። ዘበኛዬ የከተማዋ ገዥ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ኤርፖርት ሥራዬ ላይ፣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጎንብሼ ሻንጣ ስደረድር፣ በሐሳቤ ካባ ለብሼ ችሎት ተቀምጬ እፈርድ ነበር። ለሰው ሲነግሩት ያሳፍራል፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ግን አምስት ዓመት ሙሉ አቤት ወዴት ሲል የከረመ ሰው አንዲት ከተማ ቢመኝ ምን አለበት?

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ግን ያዘኝ። ቤቱ የኔ ነው፤ በዕድሜም ታላቃቸው ነኝ። ሰው ፊት ለራሴ ሥልጣን እፈልጋለሁ ብዬ እንዴት ልጻፍ? "ለእኔ ምንም አይደል፤ ጓደኞቼ ብቻ በሰላም ይግቡ" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። አንብቤም ጠበቅሁ። በእኛ ወግ እኮ እዚህ ላይ አንድ ሰው "ኧረ ተው፣ ለራስህስ?" ማለት አለበት። ሁለት ጊዜ እምቢ ይባላል፤ በሦስተኛው እየተግደረደሩ እውነቱ ይነገራል። ዳኛው "ኦኬ፣ ቆንጆ ነው" አለና ካርዴን ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

የአክስቴ ልጅ ቀጠለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "በቅሎ ነጂው የከተማዋ ገዥ መሆን ይፈልጋል" ብሎ አነበበ።

"ጎበዝ" አለችው ነርሷ። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።"

ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር አንጀቴ ያርር ጀመር። ዳኛው ታሪኩን ለበቅሎ ነጂው ያመቻችለታል። የገበያው ሽማግሌዎች ምክር ይጠይቁታል፤ ኮከብ። የአንድ ሟች ባላባት ሚስት የባሏን ፈረስ ትሰጠዋለች፤ ኮከብ። አንድ ቀን እኔ በምጠብቀው በር ሲገባ ዳኛው "ዘበኛው እጅ ይነሣል" አለ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሶፋዬ ለሚያድር ልጅ እጅ ነሣሁ።

ለእኔም ኮከብ ይሰጠኝ ነበር፤ የባሰው እሱ ነው። ውሃዬን ለሽፍታዋ ሳካፍል ኮከብ። ቁስለኛ ተሸክሜ ወንዝ ስሻገር ኮከብ። ዳኛው "ምኞትህ እየሞላ ነው" እያለ ደስ ብሎት ይሰጠኛል፤ ያልፈለግሁትን እያጎረሰኝ ምስጋና ይጠብቃል። ልጁ ደግሞ ማታ ሳህን እያጠበ ሲያፏጭ ፉጨቱ ያናድደኛል። ቁምሳጥን በኃይል እዘጋለሁ።

"ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?"

"ደክሞኝ ነው።"

አገር ቤት ታክሲ ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚለውን ጽሑፍ ሳነብ እስቅ ነበር። ይኸው እሱ አላጣም፤ ያውም ሶፋ የሚያውስ ምቀኛ።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። የከተማዋ ገዥ ሞቷል። ሽማግሌዎቹ ካባውን ይዘው ከድልድዩ ማዶ ቆመዋል። ሽፍታዋና እኔ ተሻግረናል። በቅሎ ነጂው ዳይሱን ጣለ፤ ሁለት ወጣ።

"ሳንቃው ተሰበረ" አለ ዳኛው። "በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ኮከብ ያለው?"

ልጁ ጨርሷል። ነርሷም ጨርሳለች። እኔ ሰባት አለኝ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ አሰብኩበት። እሱ ቢወድቅ ካባው ባለቤት የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የሚቆመው ዘበኛው ነው። ኮከቦቼን በመዳፌ ሸፈንኩ። በዚያው ሰዓት አውሮፕላን ጣራችን ላይ እያጓራ አለፈ። ዩለስ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል። ነርሷና ዳኛው እጄን ያያሉ። ልጁ የሚያየው ፊቴን ነበር።

"ጋሼ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቀና ስል ካርዴ ግድግዳው ላይ ነው፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። እርግማን። አንድ ኮከብ ወረወርኩለት። ደግሞ ጣለ፤ አሥራ ሰባት።

ካባውን ለበሰ። ዳኛው ብድግ ብሎ "የዘበኛውም ምኞት ሞላ! ጓደኞቹ ሁሉ በሰላም ገቡ" አለና አጨበጨበልኝ። ነርሷም አጨበጨበች። አመሰገንኩ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "የመጀመሪያ ትእዛዜ" አለ። "ዘበኛው ባይኖር እዚህ አልደርስም ነበር። የፈለገውን ይጠይቀኝ። ግማሽ ከተማም ቢሆን እሰጠዋለሁ። ጋሼ፣ ምን ትፈልጋለህ?"

ግማሹ ይበቃኝ ነበር። የምጠብቀው በር ያለበት ግማሽ፣ እሱ ብቻ።

"ኧረ እኔ ምንም አልፈልግ" አልኩ። "እናንተ በሰላም ከገባችሁ ይበቃኛል።"

ብዬም ጠበቅሁ። አንዴ "በሞቴ" ቢለኝ እነግረው ነበር።

ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ልክ ያን ቀን መኪና ውስጥ እንዳስተማርኩት አደረገ። "ኦኬ" አለና ዳይሱን መሰብሰብ ጀመረ።