እስከ ዘውዱ ድረስ

«አንቺ ሰውየውን አንግሠሽ ትቀመጫለሽ። ማን ያውርድልሽ?» አለችኝ የታሪክ አስተማሪያችን፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

በስደት በምኖርባት ስኮትዴል ውስጥ፣ ከሥራ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጥ ትምህርት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሻለሁ፤ ወረቀቴ ግን እዚያው ቀርቷል። ያለ ሃይስኩል ዲፕሎማ የነርስ ረዳትነት ኮርስ የሚቀበለኝ የለም፤ ብሩክሄቨን ሞቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር ማርጀቴ ነው። የቀረኝ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ስላደረገው የፈረንሳይ ጄኔራል አነሣስና አወዳደቅ ቆሜ ፕሬዘንት ማድረግ ብቻ ነበር። አነሣሱን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የማውቀው፦ ከደሴት የመጣ መድፈኛ መኮንን፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ፣ ዘውዱን በገዛ እጁ የደፋ። እዚያ ላይ ቁጭ አልኩ። አስተማሪዋ እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጠችኝ፤ ካልጨረስኩ መውደቄ ነው።

አገር ቤትም የተማርነው እስከ ዘውዱ ነበር። መምህራችን መጽሐፉን ዘግተው «ከዚህ ወዲያ ያለው ፈተና ላይ አይመጣም» አሉን። አንድም ልጅ እጁን አላወጣም። የሚገዙን ወታደሮች ናቸው፤ ወታደር እንዴት እንደሚወድቅ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

እዚህ ግን ላይብረሪ ሄጄ ውድቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አፌን የያዙኝ ከኋላ የሚቀመጡት ሐበሻ ሽማግሌ ናቸው። ሁልጊዜ ይጽፋሉ። ከየት እንደመጡ፣ የማን ዘመድ እንደሆኑ አይናገሩም፤ ሰላምታቸው እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። ወንድሜ ገና አዲስ አበባ ነው፤ ቀበሌ በየጊዜው እየጠራ ስለ እኔ ይጠይቀዋል። እዚህ የምናገረው እዚያ ቢደርስስ?

ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። መለሳለስ አልችልበትም።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የሚጽፉት?»

ደነገጡ። ደብተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። አስተማሪዋ የምትለው እንግሊዝኛ በእኛው ፊደል፣ ገጽ በገጽ ተጽፏል።

«ትፈጥንብኛለች። ቤት ወስጄ ነው ቀስ ብዬ የማላምጠው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺስ የማን ነሽ?»

«የማንም አይደለሁም።»

«ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት አንቺን ፈርቼ ነው። እንዲህ እንደ ልቧ የምትናገር ልጅ፣ የነሱ ብትሆን ነው ብዬ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ግድግዳ እስኪደገፉ ሳቁ። ከትከሻዬ ላይ አንድ ጆንያ የወረደ ነው የመሰለኝ።

«በይ ግቢና ጣይው» አሉኝ። «ዛሬ ፊት ነው የምቀመጠው።»

ገብቼ ጣልኩት። ሩሲያ ወስጄ ሠራዊቱን በብርድ አስጨረስኩት፤ አንዲት ደሴት ላይ አሰርኩት። አምልጦ ተመለሰ ስል፣ ጋሼ ከፊት ወንበር በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ አይሞትም እንዴ?» አሉ።

«ይቆዩ፣ ይሞታል» አልኳቸው። እንደገና አሸንፈውት ወደ ሩቅ ደሴት ሲወስዱት፣ እዚያው ሲሞት፣ ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው።

አስተማሪዋ ምን እንደተባባልን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እየሳቀች ወረቀቴ ላይ «አልፋለች» ብላ ፈረመች።

«መኪናዬን እዚህ በር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት፤ ላድርስሽ» አሉኝ ጋሼ።

«ባሱ ደርሷል፤ ሰኞ ደብተሩን ላግዝዎት እመጣለሁ» አልኳቸው። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።