ፀጉር አስተካካዩን ያስቀናው ጌም

ሰፈሩ በሙሉ «ይቀጥላል» ብሎ ነው የሚጠራው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ግን ለፀጉሩ ብቻ ብሎ እሱ ጋ የሚሄድ የለም። እኔ ፊት ለፊቱ ቁልፍ እየቀረጽኩ የምኖር መላጣ ነኝ፤ ጺሜን ሰበብ አድርጌ እሄዳለሁ። የምንሄደው ከራሱ ፈጥሮ የሚያወራውን ታሪክ ፍለጋ ነው። ጨርቁን አንገታችን ላይ ሲያስር ይጀምርና፣ የታሪኩ ሰውዬ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ማሽኑን ያጠፋል። አንገታችንን በብሩሽ ጠረግ ጠረግ ያደርግና «ይቀጥላል» ይላል። ቀጣዩን መስማት የፈለገ ፀጉሩ እስኪያድግ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሳያድግም ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያወራው ግን ለሚስቱ ነበር። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ፎጣ እያጠፈች ትሰማለች። ደንበኛ ይሳቅ አይሳቅ ግድ የለውም፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። እጇ ፎጣው ላይ ቀጥ ካለ ታሪኩ ይዟታል ማለት ነው፤ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ይውላል።

ከዚያ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከጎኑ ጌም ቤት ከፈተ። ይቀጥላል መጀመሪያ ሳቀበት። «ቁጭ ብሎ ኳስ መጫወት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለ። በኋላ ግን የሚስቱ ወንበር ባዶ መሆን አበዛ። ፎጣ ላስጣ ብላ ትወጣለች፣ በዚያው ትቀራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጌም ቤት ገብታ ጆይስቲክ ጨብጣ እንደምትውል እሱ የሰማው እኛ ሁላችን ካወቅን በኋላ ነው።

የምትጫወተው ኳስ አልነበረም። አንዲት ሴት ዓይነ ስውር አባቷን እየመራች ከጎርፍ የምትሸሽበት ታሪክ ነው። «ሚስትህ አልቅሳለች አሉ» ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አፌን ብዘጋ ይሻል ነበር። ምላጩ እጁ ላይ ቆመ።

«በእኔ ታሪክ አልቅሳ አታውቅም» አለ።

«የአንተ ያስቃላ!» አልኩት ላጽናናው ብዬ።

«እንዲያስለቅስ ብዬ ነበር ያወራሁት።»

ቀና፤ ሌላ ስም የለውም። ሰው በሰው ይቀናል፣ እሱ በቴሌቪዥን ቀና። ታሪኮቹን አስረዘመ፣ ሽፍታ ጨመረ፣ መንትያ ጨመረ። በስሜት ተውጦ የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ቅንድብ ወሰደ። እሷ ገብታ ፎጣዋን ታጥፍና ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግስቱ አለቀ። «ተረት ማለት አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። ሁለቱም ካወሩ ጭቅጭቅ ነው!» አለና ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ጌም ቤት ገባ። እኔም ግማሽ ጺሜ ሳሙና እንደሆነ ተከተልኩት፤ ይህ እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም።

ሚስቱ አልደነገጠችም። «ና፣ እስቲ ሞክረው» ብላ ቦታዋን ለቀቀችለትና ጆይስቲኩን አስጨበጠችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትየዋና አባቷ የተሰበረ ድልድይ ጋ ቆመዋል፤ ውሃው ከኋላቸው ይመጣል። ይቀጥላል እግሩን አነባብሮ ጠበቀ። ምንም የለም። ሴትየዋ ቆማ ትተነፍሳለች፣ አባቷ እጇን ይዟል።

«ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። አንተን እየጠበቁ ነው።»

«እኔን? ለምን?»

«አባቷን ትታው ትሻገር ወይስ አብራው ትመለስ? አንተ ነህ የምትወስነው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«መለስኳት። ሁለቱም ሰጠሙ። ለዚያ ነው ያለቀስኩት፤ ያመጣሁት እኔ ነኛ።» ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ስታወራ፣ አንድ ቀን "አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር" ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ወንድሟ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሳሙናው ፊቴ ላይ ደረቀ። ይቀጥላል ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወጣ።

በማግስቱ እሷ በሩ አጠገብ ነበረች፤ እሱ ደግሞ አንድ ደንበኛ እያስተካከለ ያወራል። ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ ደርሷል፣ ሽፍታው ከኋላ እየሮጠ ነው። ማሽኑን አጠፋ። «ይቀጥላል» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። በመስታወቱ ወደ እሷ አይቶ፣ እንደ ዋዛ፣ «አንቺ ብትሆኚስ?» አላት።

ፎጣውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ሽፍታውም እኮ ሲሮጥ ነው የመጣው፤ ደክሞታል። ሰውየው ዞር ይልና የያዘውን ውሃ ይሰጠዋል። ሽፍታው ሲጠጣ ማልቀስ ይጀምራል።»

«ለምን?» አለ ደንበኛው፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ወደ እሷ ዞሮ።

ፎጣዋን አነሳች። «ይቀጥላል» አለች።

አሁን ደንበኛ ሁሉ ሳይቀመጥ በፊት አንገቱን በበሩ ያስገባና «እሷ አለች?» ይላል። እሱም «አለች፣ አለች» ይላል፣ ጥርሱን ነክሶ። ቴሌቪዥኑን ትቶታል፤ አሁን የሚቀናው በእሷ ነው። ሽፍታው ለምን እንዳለቀሰ እሱም አያውቅም። ቤት ገብቶ ቢለምናት፣ «ፀጉርህ ይደግ» አለችው።